ቁማርተኛው ሊቅ፤ የጂሮላሞ ካርዳኖ ሕይወት

በተማሪዎች መኖሪያ ያደረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከቤት የተላከ ገንዘብ ኪስ በገባበት ሰሞን፣ ከእራት በኋላ የአንዱ ክፍል በር ይዘጋና ካርታ ይወጣል። ዛሬማ በር መዝጋትም አላስፈለገም፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በስልክ መጫወት ተችሏል። ከተጫዋቾቹ መካከል አንድ ጐበዝ አይጠፋም። ይህ ጐበዝ ከእኩያው ጋራ መቀመጥን አይወድም። ዐይኑ የሚያርፈው ገና ከአገሩ በመጣው፣ ካርታ ሲይዝ እጁ በሚንቀጠቀጠው፣ ሲሸነፍም እልክ በሚይዘው ልጅ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ያገኘ እንደ ሆነ ጫን ብሎ፣ ፋታ ነሥቶ ይጫወትበታል። ምነው ቢሉት መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ እሱ ጨዋታውን አጥንቷል፣ ያኛው አላጠናም፣ ዕውቀት ደግሞ ዋጋ አለው።

ይህ መልስ ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ይህን መልስ ከማናችንም ይልቅ ሊሰጥ የሚገባው አንድ ሰው ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በኢጣልያ ይኖር ነበር። የዕድልን ነገር በቁጥር ከመረመሩት ሰዎች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። ተማሪ ሆኖ በቁማር ኖሯል፤ አስተማሪ ሆኖም ከደካማ ተጋጣሚ ኪስ የዕለት ገንዘብ ሲያወጣ ዓመታት አሳልፏል። የዚህን ሰው ሕይወት ለውድ አንባቢዎቻችን ባጭሩ ለማቅረብ የተነሣነው ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጂሮላሞ ካርዳኖ በሰሜን ኢጣልያ በፓቪያ ከተማ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1501 ተወለደ። አባቱ ፋዚዮ ካርዳኖ የሚላኖ ከተማ ሕግ ዐዋቂ ሲሆን፣ ሒሳብንና ጂኦሜትሪን እጅግ አድርጎ የሚወድ፣ ከታላቁ ሠዓሊ ከሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ጋራም የሚተዋወቅ ሰው ነበር። እናቱ ኪያራ ግን በዚያን ጊዜ በሕግ የተጋባች ሚስቱ አልነበረችም። ስለዚህ ልጁ ገና ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ዲቃላ የሚል ስም ተለጠፈበት፤ ይህም ስም እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ድረስ እንጀራውን ሲከለክለው ኖረ። በተወለደበት ዘመን ወረርሽኝ በአገሩ ገብቶ ስለ ነበር የእናቱ ልጆች ሞቱ፤ እሱም በብዙ ሕመም አደገ። ከፍ ሲል አባቱ ቦርሳውን አሸክሞ እንደ አሽከር ያስከትለው ነበር። ሆኖም በመንገድም በቤትም ሒሳብን ያስተማረው ይኸው አባቱ ነው።

በ1520 ካርዳኖ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የአባቱ ፈቃድ ሕግ እንዲያጠና ነበር፤ እሱ ግን ሕክምናን መረጠ። ብዙ ጊዜ ሳይቈይ ፈረንሳዮችና እስፓኞች በሎምባርድያ ላይ ጦርነት አንሥተው ፓቪያ የጦር ሜዳ ስለ ሆነች ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ካርዳኖም ወደ ፓዶቫ ሄደ። በ1524 አባቱ ሞተ። የተወለት ጥቂት ሀብት ነበር፤ ነገር ግን ለወጣቱ በቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለምግብ፣ ለመጽሐፍና ለልብስ የሚሆነውን ገንዘብ የሚፈልገው ከሦስት ቦታ ሆነ፤ ከካርታ፣ ከዳይስ፣ ማለት ስድስት ገጽ ካለው የአጥንት ጠጠር፣ እንዲሁም ከሰንጠረዥ።

በዚያን ዘመን በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሬክተሩን የሚመርጡት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ካርዳኖም ለዚሁ ሹመት ተወዳድሮ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተመረጠ። የተማሪ ማኅበር ምርጫ ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሁሉ ይህ አንድ ድምፅ ከየት እንደ መጣ መገመት አያቅተንም። ሹመቱ ክብር ቢኖረውም ድግስና ወጪ የሚያስከትል ነበር፤ ባዶ ኪስ ይዞ በተሾመው ወጣት ላይም ችግሩ ባሰበት። ምላሱም ስለታም ነበረ። ያሰበውን ሁሉ ይናገራል፤ መምህራኑንም ሳይቀር ይነካል። ስለዚህ የዶክተርነት ማዕርጉ ለመምህራኑ ድምፅ በቀረበ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተከለከለ፤ የተፈቀደለት በሦስተኛው ነው።

እንግዲህ ይህ ወጣት በቁማር የሚያሸንፈው በምን ነበር? በእጅ ቅልጥፍና ወይም በማጭበርበር ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሌሎቹ ተጫዋቾች በዕድላቸው፣ በሕልማቸው፣ በቀኑ መልካምነት ሲተማመኑ፣ እሱ ይቈጥር ነበር። የቈጠረውንም ከጊዜ በኋላ ስለ ዕድል ጨዋታ በላቲን ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስቀመጠው።

አሳቡ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ ዳይስ ስድስት ገጽ አለው። ሁለት ዳይስ አብረው ሲጣሉ ሊወጡ የሚችሉት ዐይነቶች 36 ናቸው፤ ሦስት ሲሆኑ 216 ይሆናሉ። ከ36ቱ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዳይስ አንድ ቁጥርን የሚያሳይባቸው 11 ናቸው። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ለምን ያህል ገንዘብ ምን ያህል ማስያዝ እንደሚገባው ያውቃል፤ የማያውቅ ግን ልቡ እንደ ነገረው ያስይዛል።

ካርዳኖ ራሱም ቢሆን በአንድ ቀን አልበሰለም። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አንድ ዳይስ ሦስት ጊዜ ቢጣል የፈለጉት ቁጥር የመውጣቱና ያለመውጣቱ ዕድል እኩል ነው የሚል አሳብ አለው፤ የስድስት ግማሽ ሦስት ነውና። ይህ ነገር ዛሬም ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። በትክክል ሲቈጠር ግን ከ216ቱ ውስጥ የተፈለገው ቁጥር የሚገኝባቸው 91 ብቻ ናቸው፤ 125ቱ ባዶ ናቸው። እኩል ነው ብሎ ብር በብር የሚያስይዝ የዋህ ሰው፣ ከሚያስይዘው ከመቶ ብር 16 ብር ያህሉን ውሎ አድሮ ይከስራል። በአንድ ማታ ሊያሸንፍ ይችላል፤ በአንድ ወር ግን አይችልም። ካርዳኖ በዚያው መጽሐፍ ወደ ፊት ሲሄድ ስሕተቱን ትቶ፣ ዕድል በተደጋገመ ቁጥር በማባዛት መቈጠር እንዳለበት አገኘ። የፊተኛውንም ስሕተት አልፋቀውም፤ ከእርማቱ ጋራ አብሮ ተቀምጧል።

ከዳይስ ይልቅ ለእኛ ነገር የሚቀርበው ግን ፕሪሜሮ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ ዛሬ ፖከር ለሚባለው ጨዋታ ቅድመ አያት ከሚባሉት አንዱ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርታ ይይዛል፤ ከዚያ ገንዘብ ይመድባል። ሌላው ወይ የተመደበውን ያህል ይከፍላል፣ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ዳይስ በገሃድ የሚታይ ሲሆን ካርታ ግን የተሰወረ ነው። ስለዚህ ምንም የሌለው ሰው ሞልቶልኛል ብሎ ብዙ ገንዘብ በመመደብ ባለ ጥሩ ካርታውን አስፈራርቶ ሊያስወጣው ይችላል። ካርዳኖ በካርታ ጨዋታ ከዕድል ሌላ የማመዛዘን ችሎታ እንደሚያስፈልግ የተናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ባለው ጨዋታ ደካማ ተጋጣሚ የሚታወቀው በሁለት ጠባይ ነው። አንደኛው ፈሪ ነው፤ ገንዘብ ሲጨመርበት ጥሎ ይሸሻል። በእሱ ላይ ጐበዙ ባዶ እጁንም ቢሆን እየደጋገመ ይጭናል። ሁለተኛው ችኮ ነው፤ ምንም ካርታ ቢይዝ ጥሎ መውጣትን እንደ ውርደት ይቈጥራል። እሱን ማስፈራራት ከንቱ ነው። ጐበዙ በትዕግሥት ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት ይጠብቅና፣ ሲመጣለት ያለ ርኅራኄ ከፍ አድርጎ ይመድብበታል፤ ችኮውም ይከፍላል። በሁለቱም መንገድ የሚበላው ያው አንዱ ነው። ይህ ጥበብ በፕሪሜሮ ዘመን እንደ ሠራ ዛሬ በስልክ በሚጫወቱት ፖከርም ይሠራል።

ነገር ግን ደካማ ተጋጣሚ ፍለጋ የወጣ ሰው ራሱ ደካማው ሆኖ የሚገኝበት ቀን አለ። ካርዳኖም ይህን በቬኒስ አየው። የማርያም ልደት በሚከበርበት በዓል ቀን ከአንድ የቬኒስ ሴናተር ቤት ተቀምጦ ካርታ ሲጫወት ገንዘቡን ተበላ። በማግሥቱ ደግሞ የቀረውን፣ ከዚያም ልብሱንና ቀለበቱን አስይዞ አጣ። ያ ሁሉ ቈጠራ፣ ያ ሁሉ ማመዛዘን አልረዳውም። ኋላ ልብ ብሎ ሲመለከት ካርታዎቹ ምልክት የተደረገባቸው ሆነው አገኛቸው። ባለቤቱ የእያንዳንዱን ካርታ ማንነት በጀርባው ያውቅ ነበር።

ካርዳኖ ይህን ባወቀ ጊዜ ጩቤውን መዝዞ የሰውየውን ፊት ሸረጠው። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። በሩ ተቈልፎ፣ የባለቤቱ አሽከሮችም በቤት ውስጥ ነበሩ። እሱ ግን የተበላውንም የሰውየውንም ገንዘብ ሰብስቦ ያዘ፤ ኋላ ስላቈሰለው ተጸጽቶ ከፊሉን መለሰለት። አሽከሮቹንም አስፈራርቶ በሩ ተከፈተለትና ወጣ። በዚያው ምሽት ሴናተር በማቍሰሉ እንዳይያዝ በጨለማ ሲሸሽ፣ መሣሪያውን በካባው ሥር እንደ ታጠቀ አዳልጦት ከከተማው የውሃ ቦይ ገባ። በዚያ ሲያልፍ የነበረ ጀልባ ጠርዝ ይዞ ተረፈ፤ ሰዎቹም ጐትተው አወጡት። በጀልባው ውስጥ ማን ተቀምጦ ቢያገኝ መልካም ነው? ያው ፊቱን በጨርቅ የታሰረው ሴናተር ነው! ሰውየውም ሳይቀየም የመርከበኛ ልብስ ሰጠው፤ ሁለቱም አብረው እስከ ፓዶቫ ተጓዙ። ይህን ታሪክ የነገረን ካርዳኖ ራሱ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ሲያነቡት ያስቃል፤ ነገር ግን ነገሩ ጥቂት ቢዛነፍ ኖሮ ያ ጩቤ ወይም ያ ውሃ የሁለት ሰዎችን ሕይወት በጨረሰ ነበር።

ማዕርጉን ከያዘ በኋላ ካርዳኖ በሚላኖ ሊሠራ ፈለገ። የሚላኖ ሐኪሞች ማኅበር ግን ከሕጋዊ ጋብቻ አልተወለድህም ብሎ በሩን ዘጋበት። ስለዚህ በፓዶቫ አጠገብ ሳኮ በምትባል ትንሽ ከተማ የገጠር ሐኪም ሆኖ ከ1526 እስከ 1532 ቈየ። በ1531 ሉቺያ ባንዳሪኒ የምትባል ልጃገረድ አገባ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ጋላራቴ ሄዱ፤ በዚያም ሥራ አላገኘም፤ ቁማሩ ግን አልተቋረጠም። የሚስቱን ጌጥ አስይዞ ተበላ፤ የቤቱን ዕቃ ጭምር አስያዘ። በመጨረሻ ባልና ሚስት በሚላኖ ከድሆች መጠለያ ገቡ።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠየቅ ይችላል። ዕድልን በቁጥር የሚያውቅ ሰው እንዴት ተበላ? መልሱ ሩቅ አይደለም። ዕውቀቱ የሚረዳው ተጋጣሚው የማያውቅ ሲሆን፣ ካርታውም ንጹሕ ሲሆን፣ ክፉ ዕድል የሚያሳልፍበት በቂ ገንዘብም ሲኖረው ነው። የተራበ ሰው ግን ተጋጣሚ አይመርጥም፤ ጊዜም አይጠብቅም። በልጅነት ደካማውን መብላት የለመደ እጅ ደካማ ሲያጣ ከብርቱ ጋራ ይቀመጣል፤ መቀመጡን መተው አይችልምና።

ከዚህ ጕድጓድ ያወጡት የአባቱ ወዳጆች ናቸው። በ1534 አባቱ ይዞት በነበረው ቦታ በሚላኖ የሒሳብ አስተማሪ እንዲሆን ረዱት። ትርፍ ጊዜውን በሽተኛ በማከም አሳለፈ፤ ስሙም ቀስ በቀስ ተሰማ። በ1539 የመጀመሪያው የሒሳብ መጽሐፉ ታተመ፤ በዚያው ዓመት የሐኪሞች ማኅበርም የከለከለውን በር ከፈተለት። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ሆነ። ከእንግዲህ ወዲህስ ቁማር ለምኑ?

አሁን ግን ወደ ታሪኩ ዋና ስፍራ ደርሰናል። በ1540ዎቹ መጀመሪያ ካርዳኖ አንቶኒዮ ቪመርካቲ የሚባል የሚላኖ መኳንንት ቤት መመላለስ ጀመረ። ሰውየው ሀብታም ነው፤ ሰንጠረዥ ይወዳል፤ ነገር ግን አይችልም። ካርዳኖ ጧት ይሄዳል፣ እስከ ማታ ይጫወታል። በእያንዳንዱ ጨዋታ ጥቂት የብር ገንዘብ ይያዛል፤ ካርዳኖ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሲመሽ አንድ የወርቅ ገንዘብ ያህል ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚህ ጩቤ የለም፣ ምልክት ያለበት ካርታ የለም፣ ክፉ ዕድልም የለም። የቁማርተኛ ሁሉ ሕልም የሆነው ነገር ተገኘ፤ የማይቈጣ፣ የማይደኸይ፣ የማይማር ተጋጣሚ!

ይህ ነገር ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ቈየ። ካርዳኖ የዚያን ዘመን ሒሳብ ኋላ ሲያወራርድ ምን አገኘ? ሕክምናውን ተወ፤ ከሕክምና የሚገኘውም ገቢ ቀረ፤ ጥናቱን ተወ፤ ከስንት ድካም በኋላ ያገኘውን ስሙን ሳይቀር ቸል አለ። በድህነት ዘመኑ ያልደረሰበት ውድቀት በድል ዘመኑ ደረሰበት። በቬኒስ የተበላው ገንዘብ በአንድ ቀን ተመልሷል፤ በቪመርካቲ ቤት ያሸነፈባቸው ዓመታት ግን አልተመለሱም። ደካማው ተጋጣሚ ሳያውቅ ብርቱውን በቀን በአንድ ወርቅ ገዝቶት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚህ እስራት ያወጣውም የራሱ ጥበብ አልነበረም። በአንድ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቪመርካቲ፣ ዘወትር መበላቱ ቈጭቶትም ይሁን ለካርዳኖ አዝኖለት፣ ከእንግዲህ ለጨዋታ ወደዚህ ቤት አልመጣም ብለህ ማልልኝ አለው። ካርዳኖም ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ጥናት መለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሒሳብ ተማሪዎቻችን ያውቁታል። ታርታሊያ የሚባለው የቬኒስ የሒሳብ ሊቅ የሦስተኛ ደረጃ እኩልዮሽ የሚፈታበትን መንገድ በ1539 በምስጢር ነግሮት ነበር፤ ካርዳኖም ላይገልጠው ምሎለት ነበር። በ1543 ግን ካርዳኖ ከተማሪው ከሉዶቪኮ ፌራሪ ጋራ ወደ ቦሎኛ ሄዶ ዴል ፌሮ የሚባል ሌላ ሊቅ ይህንኑ መንገድ ከታርታሊያ በፊት አግኝቶት እንደ ነበረ በጽሑፍ አየ። ስለዚህ በ1545 ባሳተመው ታላቁ ጥበብ በተባለው መጽሐፍ ምስጢሩን ለዓለም ገለጠ፤ ዴል ፌሮንና ታርታሊያን በስማቸው ጠርቶ፣ ፌራሪ ያገኘውንም የአራተኛ ደረጃ መፍትሔ ጨምሮ። ታርታሊያ መሐላ ፈረሰብኝ ብሎ እስኪሞት ድረስ አልተቀየመ አይባልም። ቀድሞ ምስጢሩን ያገኘው ሌላ ነውና ካርዳኖ ነፃ ነው የሚሉ አሉ፤ መሐላ መሐላ ነው የሚሉም አሉ። የሆነ ሆኖ ይህ መጽሐፍ በአልጀብራ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ካርዳኖ ከኔጋቲቭ ቁጥር ሥር የሚገኙትን እንግዳ ቁጥሮች በዚያው መጽሐፍ ሳይወድ በግድ ዳሰሳቸው፤ ዛሬ ኢንጂነር ያለ እነዚህ ቁጥሮች አይሠራም። ይህ ሁሉ የሆነው የቪመርካቲ በር ከተዘጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። በሩ ባይዘጋስ?

ስሙ በአውሮፓ ሁሉ ገነነ። በ1552 በስኮትላንድ የቅዱስ አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በአስም ታሞ ካርዳኖን አስጠራው። ካርዳኖም ከኢጣልያ እስከ ኤዲንብራ ተጕዞ የበሽተኛውን ምግብና እንቅልፍ አስተካከለ፤ የላባ ፍራሹንም አስለወጠው። ሊቀ ጳጳሱ ተሻለው፤ ሐኪሙም ከ1,400 የሚበልጥ የወርቅ ገንዘብ ተቀበለ። ይህ ገንዘብ በቪመርካቲ ቤት በቀን በአንድ ወርቅ ቢሰበሰብ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ነበር። ሐኪሙ ያገኘው ግን በጥቂት ወራት ነው፤ የከፈለውም ሰው ጤናውን አግኝቶበታል።

ከእንግዲህ ያለው የሕይወቱ ታሪክ ኀዘን ነው። ሚስቱ በ1546 ሞተች። የበኵር ልጁ ጃምባቲስታ እንደ አባቱ ሐኪም ሆኖ ነበር፤ ያገባት ሴት ግን ሰላም አልሰጠችውም። በመጨረሻ በመርዝ ገደላትና በአፕሪል 1560 በሞት ተቀጣ። አባትየው ጠበቃ ሆኖ ሊያድነው ቢደክምም አልሆነለትም። ከዚህ በኋላ ካርዳኖ እንደ ቀድሞው ሰው አልሆነም። በ1562 ወደ ቦሎኛ ሄዶ የሕክምና መምህር ሆነ። ሁለተኛው ልጁ አልዶ ግን የወረሰው የአባቱን ሒሳብ ሳይሆን የአባቱን ዳይስ ነበር። ይቈምራል፤ ይበላል፤ ሲበላም ከአባቱ ቤት ይሰርቃል። በ1569 አባትየው ራሱ ለዳኞች አመለከተበት፤ ልጁም ከቦሎኛ ተባረረ። ቁማርን በሰንጠረዥና በቁጥር የገዛ የመሰለው ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ቁማር አሸነፈው።

በ1570 ካርዳኖ በሃይማኖት ነገር ተከሶ ጥቂት ወራት ታሰረ። ከተፈታም በኋላ ማስተማር ተከለከለ። በ1571 ወደ ሮማ ሄደ፤ በኋላም ከፖፑ ጡረታ ተሰጠው። በዚያም የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ፤ ሰንጠረዥን አርባ ዓመት ያህል፣ ዳይስን ሃያ አምስት ዓመት ያህል እንደ ተጫወተ፣ ይኸውም እንዳሳፈረው ሳይሸሽግ ተናገረ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1576 ሞተ። ስለ ዕድል ጨዋታ የጻፈው መጽሐፍ ሳይታተም ቀርቶ በ1663፣ ከሞተ ከ87 ዓመት በኋላ፣ ከሌሎቹ ሥራዎቹ ጋራ በሊዮን ታተመ። በዚያ መካከል ፓስካልና ፌርማ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1654 ይህንኑ ነገር በደብዳቤ ተነጋግረውበት ስለ ነበር የዚህ ትምህርት መሥራችነት ክብር በአብዛኛው ለእነሱ ሆነ።

የዚያን መጽሐፍ አንድ አሳብ ሳናነሣ ብናልፍ ግን ይህን ሁሉ በከንቱ ጻፍን ማለት ነው። ካርዳኖ የጨዋታ ሁሉ መሠረት እኩልነት ነው ይላል። ተጋጣሚዎቹ እኩል፣ ገንዘባቸው እኩል፣ ቦታው፣ ተመልካቹ፣ ዳይሱና ዳይሱ የሚናጥበት ዕቃ ሳይቀር ለሁለቱም እኩል መሆን አለበት። ከዚህ እኩልነት ለተጋጣሚህ ያዘነበልህ እንደ ሆነ ሞኝ ነህ፤ ወደ ራስህ ያዘነበልኸው እንደ ሆነ ደግሞ ዐመፀኛ ነህ። አሳቡ ይህ ነው። ከዚያም ሲመክር፣ መጫወት ግድ ከሆነ ከሚመጥን ሰው ጋራ፣ በመዝናኛ ጊዜ፣ ለጥቂት ሰዓት፣ በጥቂት ገንዘብ ይሁን ይላል። ቁማርን ሥራዬ ብሎ ከያዘ ሰው ጋራ መቀመጥ አደጋም ነውርም እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍም ፈጽሞ አለመጫወት መሆኑን አልሸሸገም።

ይህን የጻፈው ቄስ ቢሆን ኖሮ ስብከት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። የጻፈው ግን ፍላጻው ወደ ራሱ ደረት መዞሩን እያወቀ የጻፈ ሰው ነው። ዕድልን ለመቍጠር የተነሣው በመጀመሪያ የማይቈጥሩትን ለመብላት ነበር፤ ቍጠራው ግን መልሶ ዳኛ ሆነበት። እኩል ዕድል ምን እንደ ሆነ በቁጥር ያወቀ ሰው እኩል ያልሆነውን አላወቅሁም ማለት አይችልምና።

ዛሬ ነገሩ ተራቋል። ከ1998 ጀምሮ በኢንተርኔት ፖከር በእውነተኛ ገንዘብ ይጫወታሉ። ተጋጣሚው ፊት የለውም፤ የሚታየው የውሸት ስምና ያለው ገንዘብ ነው። ጐበዙ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠረጴዛ ይከፍታል፤ ማን ፈሪ፣ ማን ችኮ እንደ ሆነ በኮምፒዩተር ይመዘግባል፤ ደካማው ባለበት ሁሉ ይቀመጥና ይጭናል። የጨዋታው ባለቤት ደግሞ ከሚመደበው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ያነሣል። ስለዚህ ደካማው ሁለት ሰው ይቀልባል። ጐበዙም ቢሆን አይኩራራ። በጃኑዋሪ 2017 ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአራት ስመ ጥር ተጫዋቾች ጋራ 120,000 ዙር ተጫውቶ አራቱንም አሸንፏቸዋል። ከጐበዝ በላይ ጐበዝ አለ፤ በዚያ ሰሌዳ ፊት ለፊት ማን እንደ ተቀመጠ ደግሞ አይታይም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ልጅ እንመለስ። ያ ገና ከአገሩ የመጣው ተማሪ የተበላው ገንዘብ አባቱ ከጤፍ ወይም ከበግ ሽያጭ ቈጥቦ የላከለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ምሳውን ይተዋል፤ መጽሐፉን ይሸጣል፤ ለቤቱም የሐሰት ደብዳቤ ይጽፋል። እሱ ቪመርካቲ አይደለም፤ መበላትን እንደ መዝናኛ የሚቈጥርበት ሀብት የለውም። ይህ አንደኛው ዕዳ ነው። ሁለተኛው ዕዳ የጐበዙ ነው። ያ ጐበዝ ከኛ መካከል በጣም ፈጣኑ አእምሮ ያለው ልጅ ይሆናል፤ ቁጥር የሚያስብ፣ የሰው ፊት የሚያነብ፣ መታገሥ የሚችል። ይህን ሁሉ ስጦታ የሚያውለው ከጎኑ ከተኛው ጓደኛው ኪስ ጥቂት ብር ለማውጣት ነው። ካርዳኖ በሚያህል አእምሮ ላይ ይህ ነገር ሁለት ዓመት ከበላ፣ በእኛ ላይ ስንት ይበላል?

ካርዳኖን ያዳነው የቪመርካቲ በር ነበር። በየክፍላችን ግን በሩን የሚዘጋው ማን ነው? የሚበላው ልጅ ያፍራል፤ አይናገርም። የሚበላለት ሰው ደግሞ ጨዋታው እንዲቆም አይፈልግም። ስለዚህ ተመልካች ሆነን የምንቀመጠው እኛ መናገር አለብን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከእራት በኋላ ካርታው ሲወጣ፣ ሁለቱ እኩል ናቸውን ብለን እንጠይቅ።